ዘሩ አፈር ሲነካ

ሐበሻ በሚበዛበት በእኛ ሰፈር፣ በሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ስለ ካናቢስ (ማሪዋና) የሚወራው ወይ በሹክሹክታ ወይ በቁጣ ነው። ወላጆች ነገሩን ሲያነሡ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ ልጆች ደግሞ «ተፈቅዷል እኮ» ብለው ያልፉታል። የተፈቀደው ምን እንደሆነ፣ ለማን እንደተፈቀደና ከየትኛው ወንዝ ወዲህ እንደሆነ ግን ቁጭ ብሎ የሚነጋገር የለም። እኔ በጋራ አትክልት ቦታችን ሐበሻ ጎመን፣ በሶብላና ጤና አዳም የምዘራ፣ የዘር ነገር የማይሰለቸኝ ሰው ነኝ። ስለዚህ ጥያቄው ወደ እኔ የሚመጣው በዘር በኩል ነው።

አፈሩ ገና ሲሟሟቅ፣ የጭነት መኪና የሚያሽከረክር አንድ ወንድማችን ስልኩን አውጥቶ የዘር ሻጭ ማስታወቂያ አሳየኝ። «ወደ ሃምሳውም ግዛት እንልካለን ይላል። ዘር ብቻ ከሆነ ምን ችግር አለው? በጓሮዬ እንደ ጎመን ብዘራው ማን ምን ይለኛል?» አለኝ። ግሪን ካርድ ያለው፣ የዜግነት ማመልከቻውን ሊያስገባ የተዘጋጀ የልጆች አባት ነው። «ቆይ፣ ሳላነብ አልመልስልህም» አልኩት። ከዚያ ወዲህ ያነበብኩትንና ያየሁትን ነው እዚህ የማካፍለው። የሕግ ባለሙያ አይደለሁም። አላጨስም፤ ማንንም አጭስ አልልም። የሚያሳስበኝ ወገኖቼ ግማሽ እውቀት ይዘው ኑሯቸውን ለአደጋ ማጋለጣቸው ነው። ካልጠቀስኩ በቀር ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ዘሩን ራሱን ያየሁት ከወፍ መኖ ከረጢት ውስጥ ነው። ለሰፈሩ ወፎች ከምናንጠለጥለው ድብልቅ መኖ ላይ ለይቼ መዳፌ ላይ አፈሰስኩት። ርዝመቱ ከሦስት እስከ አምስት ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። ክብ ሆኖ ጫፉ ላይ ሾል ይላል፤ ግራጫና ቡናማ ነው፤ ቅርፊቱ ላይ ጠቆር ያሉ ጅማቶች ተጠላልፈው ይታያሉ፤ ዙሪያውን ደግሞ ቀጭን ጠርዝ ይዞታል። በጥፍር ሲጫኑት ቀጭ ብሎ ይከፈልና ውስጡ ነጭ፣ ቅባት ያለው ፍሬ ይወጣል። በዕፅዋት ሳይንስ እንኳ ትክክለኛ ስሙ ዘር አይደለም፤ አንድ ዘር ብቻ የያዘ ደረቅ ፍሬ ነው። ሩቡ ገደማ ፕሮቲን፣ ሲሶው ገደማ ደግሞ ዘይት ነው። የሚያሰክረው ንጥረ ነገር፣ ቲኤችሲ የሚባለው፣ በዘሩ ውስጥ የለም ማለት ይቻላል። እሱ ያለው አበባውን አቅፈው በሚይዙት ትንንሽ ቅጠሎች ላይ በሚወጡ የሙጫ ጠብታዎች ውስጥ ነው። ዘሩ ላይ የሚገኘው ከዚያ ሙጫ የተነካካው ቅሪት ብቻ ነው።

ይህ ዘር ወፎቹ ጋ የደረሰበት መንገድ ራሱ አንድ ታሪክ ነው። በ1937 የአሜሪካ ኮንግረስ በማሪዋና ላይ የመጀመሪያውን አገር አቀፍ የቀረጥ ሕግ ሲያወጣ፣ ለመቃወም ከመጡት ሰዎች አንዱ እዚሁ አጠገባችን ካለችው ከባልቲሞር የመጣ የወፍ መኖ ነጋዴ ነበር። የርግብ አርቢዎች ያለዚህ ዘር አይሆንላቸውም፤ ላባቸውን ያሳምረዋል ሲል አስረዳ። ኮንግረሱም ሰማው። እንዳይበቅል ተደርጎ የመከነ ዘር ከክልከላው እንዲወጣ ተደረገ፤ ያ አነጋገርም እስከ ዛሬ በፌዴራሉ ሕግ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። እንግዲህ በመደብር የሚሸጠው የወፍ መኖ ሕጋዊ የሆነው ዘሩ ስለማይበቅል ነው። መብቀል መቻሉ ነው ሕጉን የሚያስጨንቀው።

በዓለም አቀፍ ደረጃ ያለው ነገር ደግሞ ይለያል። የተባበሩት መንግሥታት በ1961 ያወጣው የአደንዛዥ ዕፆች ስምምነት ካናቢስ ሲል አበባ የያዘውን ወይም ያፈራውን የተክሉን ጫፍ ማለቱ ነው፤ ከጫፉ የተለየ ዘርንና ቅጠልን አይጨምርም። ብዙ የአውሮፓ የዘር ሻጮች ለረጅም ዘመን ሲነግዱ የኖሩት በዚህ ክፍተት ነው። ስምምነቱ ግን የየአገሩን ሕግ አያለዝብም። እያንዳንዱ አገር ከዚያ የጠበቀ ሕግ የማውጣት መብት አለው፤ ብዙዎቹም አውጥተዋል። «በዓለም አቀፍ ሕግ ዘሩ ነፃ ነው» የሚለው ወሬ ከዚህ የተቀነጨበ ነው፤ ቤት ለተከራየና ወረቀቱን ለሚጠብቅ ሰው ግን ምንም አይፈይድለትም።

ዘር የሚያውቅ ሰው በመጀመሪያ የሚጠይቀው፣ ከዘሩ ላይ ምን ማወቅ እንደሚቻል ነው። ስለዚህ ተክል ዘሩን አይቶ መናገር የሚቻለው እጅግ ጥቂት ነው። ለቃጫና ለዘይት የሚዘራው ሄምፕና ማሪዋና የሚባለው አንድ ዝርያ ናቸው፤ ፍሬያቸውን አይቶ የሚለይ ዓይን የለም። ልዩነቱ የሚታወቀው ተክሉ አድጎ፣ አበባው ላቦራቶሪ ገብቶ ሲለካ ነው። ወንዴና ሴቴውም እንዲሁ። አገር ቤት ጓሯችን ፓፓያ ተክለን የምናውቅ ሰዎች ይህ አይገርመንም፤ አበባ እስኪያወጣ የትኛው ፍሬ እንደሚሰጥ አይታወቅም፤ ኮሶም ወንዴና ሴቴ አለው። ማስታወቂያ ላይ የዘሩን ቀለምና ጠርዝ እያሳየ «ይህ ሴቴ ነው፣ ይህ ኃይለኛ ነው» የሚል ሻጭ ሲያጋጥማችሁ፣ ከጠርዙ ሳይሆን ከኪሳችሁ ጋር እየተነጋገረ ነው። ፓኬቱ ላይ የተጻፈው የዝርያ ስምም የሻጩ ቃል ብቻ ነው።

ወደ ማውንት ቨርነን የሄድኩት ይህን ሁሉ ማንበብ ከጀመርኩ በኋላ ነው። ከፖቶማክ ወንዝ ዳር ያለው የጆርጅ ዋሽንግተን ርስት ከቤታችን ሩቅ አይደለም፤ እንግዳ ሲመጣ የምናስጎበኘው ቦታ ነው። ዋሽንግተን በግንቦት 1765 ማዲ ሆል በሚባለው እርሻው ሄምፕ እንደተዘራ በማስታወሻ ደብተሩ ጽፏል። በነሐሴ 7 ደግሞ ወንዴውን ከሴቴው መለየት እንደጀመረ፣ ነገር ግን ጊዜው እንዳለፈ መዝግቧል። ከዚህ አንዲት መስመር ተነሥተው የአሜሪካ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት አጫሽ ነበር የሚሉ ብዙ ናቸው። እኔ አልቀበለውም። ሰውየው ገመድ፣ ሸራና የዓሣ መረብ መጠገኛ የሚፈልግ ገበሬ ነበር፤ ወንዴው ቀድሞ ስለሚደርስ ለቃጫ ቀድሞ ይነቀላል፤ ሴቴው ደግሞ ለዘር ይቆያል። አንድ ነገር ግን ሊረሳ አይገባም። የዘሩት፣ የነቀሉትና በውኃ ዘፍዝፈው የፈተሉት በባርነት የተያዙ ጥቁር ሰዎች ናቸው፤ ደብተሩ የጌታውን ሐሳብ እንጂ የእነሱን ድካም አይነግረንም።

በ2018 ማውንት ቨርነን ሄምፕን እንደገና ዘርቷል፤ ፈቃድ ተጠይቆ፣ ከዩኒቨርሲቲ ጋር ተሠርቶ፣ ለትምህርት። የአገሪቱን መሥራች ርስት የሚጠብቀው ተቋም እንኳ ያለ ፈቃድ አንድ ፍሬ አፈር ውስጥ አላስገባም። ለወንድማችን ካነበብኩለት ሁሉ ልቡን የነካው ይህ ነበር። ሌላም አለ። በየቀኑ ብዙ ሐበሾች በታክሲ የሚመላለሱበት የፔንታገን ቦታ፣ ሕንፃው ከመሠራቱ በፊት የግብርና ሚኒስቴር የሙከራ እርሻ ነበር። ሊስተር ዴዊ የሚባል የሚኒስቴሩ የዕፅዋት ተመራማሪ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ እዚያ የተለያዩ የሄምፕ ዝርያዎችን እያዳቀለ፣ ዘራቸውን እየመረጠ ያሳድግ ነበር። ዛሬ በዚያ መሬት ላይ አንዲት ፍሬ ይዞ መገኘት የፌዴራል ጉዳይ ሊሆን ይችላል።

ወደ ሕጉ ልመለስ፤ የዋሽንግተን አካባቢ ነዋሪ ልቡን ሰጥቶ ሊያነበው የሚገባ ነውና። ሠላሳ ደቂቃ በማይሞላ መንገድ ላይ ሦስት ዓይነት ሕግ አለ። በሜሪላንድ ከጁላይ 1 ቀን 2023 ጀምሮ ዕድሜው 21 የሞላ ሰው እስከ አንድ ተኩል አውንስ፣ 42 ግራም ገደማ ማለት ነው፣ መያዝ ይችላል። በአንድ ቤት ውስጥ ስንትም አዋቂ ይኑር፣ ከሁለት ተክል በላይ ማብቀል አይፈቀድም። ተክሉ ከመንገድ የማይታይ፣ ልጆች የማይደርሱበት መሆን አለበት፤ ቤቱ የኪራይ ከሆነ ደግሞ የባለቤቱ ስምምነት ያስፈልጋል። የጋራ አትክልት ቦታችን የማንኛችንም ግቢ አይደለም፤ ስለዚህ እዚያ መዝራት የማይታሰብ ነው።

ወንዙን ተሻግረን ቨርጂኒያ ስንገባ ከጁላይ 1 ቀን 2021 ጀምሮ በአንድ መኖሪያ ቤት አራት ተክል ይፈቀዳል። ነገር ግን እያንዳንዱ ተክል ላይ የባለቤቱ ስም፣ የመንጃ ፈቃዱ ወይም የመታወቂያው ቁጥር፣ እንዲሁም ለግል መጠቀሚያ የበቀለ መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ መንጠልጠል አለበት። ይህን ሳነብ ከወረቀቱ ቀና ብዬ ለረጅም ጊዜ አሰብኩ። ወረቀቱን የሚጠብቅ ስደተኛ ስሙንና ቁጥሩን ጽፎ፣ በፌዴራል ሕግ በተከለከለ ተክል ላይ በገዛ እጁ ያንጠለጥላል ማለት ነው። ግዛቱ ግዴታ ያለው ነገር በሌላው መንግሥት ፊት የተፈረመ የእምነት ቃል ይሆንበታል።

በዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ ሕዝቡ በኖቬምበር 2014 ድምፅ ሰጥቶ ከፌብሩዋሪ 26 ቀን 2015 ጀምሮ አንድ አዋቂ በዋና መኖሪያው ውስጥ ስድስት ተክል እንዲያበቅል ተፈቀደ። ከእነዚህ ውስጥ የደረሱት ከሦስት መብለጥ የለባቸውም። ብዙ አዋቂዎች ያሉበት ቤት አሥራ ሁለት ሊያበቅል ይችላል፤ የደረሱት ግን ስድስት ብቻ። ሕጉ የቤት ውስጥ ሲል የምሩን የቤት ውስጥ ነው፤ ግቢ አይጨምርም። ኮንግረስ ከተማዋ ለሽያጭ ሕግ እንዳታወጣ በበጀት በኩል ስለከለከላት፣ ማብቀል ተፈቅዶ መሸጥ ያልተፈቀደበት አስገራሚ ሁኔታ ተፈጠረ። በማርች 2015 ለሕጉ የቀሰቀሱት ሰዎች ዘር በነፃ አደሉ፤ ከቦታዎቹ አንዱ በአዳምስ ሞርጋን የሚገኝ መጠጥ ቤት ነበር። የእኛ ሰዎች ቀደም ባለው ዘመን ምግብ ቤቶች በከፈቱበት በዚያው በ18ኛው ጎዳና ላይ ረጅም ሰልፍ ተሰለፈ። ዘሩ በነፃ የታደለው በደግነት ብቻ አልነበረም፤ አንዲት ሳንቲም ብትቀበልበት ወንጀል ስለሚሆን ነው።

በእነዚህ ሦስት ቦታዎች መካከል ደግሞ የፌዴራል መሬት አለ። ልጆቻችንን የምናናፍስበት ሮክ ክሪክ ፓርክ፣ ሐውልቶቹ ያሉበት ሰፊ ሜዳ፣ እንግዳ የምንቀበልበት የሬገን አውሮፕላን ማረፊያ ከፌዴራሉ ይዞታ ናቸው። ፖስታ ቤቱም የፌዴራል ነው። ዘርን ከግዛት ወደ ግዛት በመኪናም ሆነ በፖስታ ማሻገር የግዛቶቹ ፈቃድ አይሸፍነውም።

የዚያ ማስታወቂያ «ሃምሳውም ግዛት» ከየት መጣ? በ2018 የወጣው የግብርና ሕግ ሄምፕን ከክልከላው ሲያወጣ መለኪያው 0.3 በመቶ ነበር፤ ከዚያ በታች ቲኤችሲ ያለው የተክሉ ክፍል ሁሉ፣ ዘሩን ጨምሮ፣ ሄምፕ ነው አለ። በጃኑዋሪ 2022 የአሜሪካ የዕፅ ቁጥጥር መሥሪያ ቤት፣ ዲኢኤ፣ ለአንድ ጠበቃ በጻፈው ደብዳቤ ዘሩ ራሱ ከዚህ መጠን በታች ከሆነ፣ ከየትኛውም ተክል ይምጣ፣ በቁጥጥር ሥር እንደማይወድቅ ገለጸ። ዘር ሻጮች ይህን ደብዳቤ ባንዲራ አድርገው ያዙት። ነገር ግን በኖቬምበር 2025 የጸደቀው የፌዴራል የበጀት ሕግ የሄምፕን ትርጉም ለወጠው። ከመጠኑ በላይ ቲኤችሲ ካለው ተክል የመጣ፣ መብቀል የሚችል ዘር ከእንግዲህ ሄምፕ አይባልም፤ ይህም ሕጉ ከወጣ ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በኖቬምበር 2026 ተግባራዊ እንዲሆን ነው የተጻፈው። በ1937 የባልቲሞሩ ነጋዴ ፊት የተነሣው ጥያቄ ይኸው ተመልሶ መጣ፤ ይበቅላል ወይስ አይበቅልም? ከዚያ ቀን ወዲያ የ2022ቱን ደብዳቤ እየጠቀሰ የሚሸጥላችሁ ሰው ሁሉ ያለፈውን ዘመን ሕግ ነው የሚያነብላችሁ።

አሁን ዋናው ጉዳዬ ላይ ደረስኩ። በፌዴራሉ ሕግ መትከል፣ ማብቀልና መሰብሰብ «ማምረት» ውስጥ ነው የሚገቡት። ሁለት ተክል ይሁን አንድ፣ ለሽያጭ ይሁን ለራስ፣ ቃሉ አይለወጥም። ዜጋ ለሆነ ጎረቤቴ ይህ ብዙም አያሳስበውም፤ በሜሪላንድ አንድ ተክል ፍለጋ የፌዴራል ፖሊስ በሩን አያንኳኳም። የኢሚግሬሽን ሕግ ግን የፌዴራል ሕግ ነው፤ የግዛቱን ፈቃድ አይቆጥርም። የዜግነትና የኢሚግሬሽን አገልግሎት መሥሪያ ቤቱ በኤፕሪል 2019 ባወጣው መመሪያ፣ ከማሪዋና ጋር የተያያዘ ድርጊት በግዛቱ ሕግ የተፈቀደ ቢሆን እንኳ አመልካቹ መልካም ሥነ ምግባር እንዳለው እንዳያስረዳ ሊያግደው እንደሚችል በግልጽ አስፍሯል። በዚሁ ንግድ ተቀጥሮ መሥራትም እንዲሁ። የዜግነት ማመልከቻው ቅጽ የዕፅ ንግድን ብቻ ሳይሆን ማምረትንና ማብቀልንም ስም ጠርቶ ይጠይቃል፤ መልሱ የሚሰጠው በመሐላ ነው።

ከአገር የማስወጣት ሕጉ ለአንድ ጊዜ፣ ለራስ መጠቀሚያ፣ ከ30 ግራም ያልበለጠ ማሪዋና በመያዝ ለተፈረደበት ሰው ጠባብ ቀዳዳ ትቶለታል። በዚያ ቀዳዳ የሚያልፈው መያዝ ብቻ ነው፤ ማብቀል አያልፍም። ከዚህ የከፋው ደግሞ ፍርድ ቤት መቆም እንኳ አለማስፈለጉ ነው። አንድ ሰው ከአገር ወጥቶ ሲመለስ ወይም ቃለ መጠይቅ ላይ ተቀምጦ «አዎ፣ በቤቴ አበቅል ነበር፤ በግዛታችን ተፈቅዷል» ብሎ በቅንነት ቢናገር፣ ያ ቃሉ ብቻ መግቢያውን ሊዘጋበት ይችላል። ስልኩ ላይ ያነሣው የተክል ፎቶግራፍም የዚያኑ ያህል ያናግራል። እዚህ ላይ ነው የምቆጣው። ይህን ማስጠንቀቂያ በአማርኛ በየመደብሩ በር ላይ የለጠፈ አላየሁም። ድምፅ ተሰጥቶ ሕግ ሲወጣ የሚደሰቱት ዜጎች ናቸው፤ ዋጋውን ግን አስተርጓሚ ይዞ ቃለ መጠይቅ የሚገባው ሰው ይከፍላል። ግሪን ካርድ፣ ጥገኝነት ወይም ጊዜያዊ ከለላ ይዛችሁ የምትኖሩ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ የግዛቱ ሕግ ምንም ይበል፣ ዘሩን ከመያዛችሁ በፊት ሳይሆን ዘሩን ለመግዛት ከማሰባችሁ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ጠይቁ። የአንድ ሰዓት የጠበቃ ክፍያ ውድ ቢመስልም ቤተሰብ ከመበተን ይሻላል።

ለጭነት መኪና ነጂዎች ሌላ በር አለ። ሲዲኤል (የንግድ መንጃ ፈቃድ) ያለው ሰው ዕፅ መጠቀም አለመጠቀሙ የሚመረመረው በፌዴራል ደንብ ነው፤ ሜሪላንድ ፈቅዳለች ማለት አይሠራለትም። ከጃኑዋሪ 2020 ጀምሮ በምርመራው የወደቀ ሰው በአንድ አገር አቀፍ መዝገብ ላይ ይሰፍራል፤ ከኖቬምበር 2024 ወዲህ ደግሞ በመዝገቡ የታገደ ሰው የንግድ መንጃ ፈቃዱን ግዛቱ ይወስድበታል። የትራንስፖርት ሚኒስቴሩ «ሲቢዲ (ከዚሁ ተክል የሚወጣ የማያሰክር ንጥረ ነገር) ያለበት ቅባት ነው የተጠቀምኩት» የሚለውን ምክንያት እንደማይቀበልም አሳውቋል። ስንቱ ሐበሻ በዚህ ሥራ ቤተሰብ እንደሚያስተዳድር እናውቃለንና ይህን በየስብሰባው ደጋግመን ብንናገረው አይበዛም።

በመንግሥት ድጎማ በሚከራዩ ቤቶች የሚኖሩ አዛውንቶቻችንም አሉ። በፌዴራል ገንዘብ በሚደጎም ቤት ውስጥ ካናቢስ ክልክል ነው፤ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ መስኮት ላይ ያስቀመጠው የተክል ማሰሮ እናትየዋን ከቤቷ ሊያስወጣት ይችላል። ልጆቻችንን ስንመክር «ሐጢአት ነው» ወይም «ያሳብዳል» ብቻ ብለን ባናልፍ እወዳለሁ። «የእማማን ቤት ያሳጣል» የሚለውን ልጆቹ ይሰሙታል፤ እውነትም ነው።

ለአገር ቤት ደግሞ አጭር ነው። በኢትዮጵያ በ1996 ዓ.ም. (በእኛ አቆጣጠር) የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 525 ያለ ፈቃድ አደንዛዥ ዕፅ ማምረትንና ማዘዋወርን በጽኑ እስራት ይቀጣል። በውጭ አገር የተገዛ ዘር በሻንጣ ይዞ መግባት «ናሙና ነው» በሚል አይታለፍም። ተክሉ ግን ለአገሩ ባዳ አይደለም። በ1960ዎቹ መጨረሻ በቀድሞው በጌምድር፣ ከጣና ብዙም ሳይርቅ፣ ላሊበላ ዋሻ በሚባል ቦታ በተደረገ ቁፋሮ የተገኙ ከሸክላ የተሠሩ የጋያ ራሶች ሲመረመሩ የካናቢስ ቅሪት ተገኝቶባቸዋል፤ ዕድሜያቸውም 1320 ገደማ ተብሎ ተገምቷል። ይህ ዋሻ የውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ ላሊበላ አይደለም፤ ስሙ የተገጣጠመ ሌላ ቦታ ነው፤ ይህን ሳይለዩ የሚጽፉ ሰዎች ብዙ ስሕተት ነዝተዋል። የተክሉ የመጀመሪያ መገኛ እንደሆነ የሚታሰበው እስያ ነው፤ በ2021 የታተመ የዘረመል ጥናትም ወደ ምሥራቅ እስያ ያመለክታል። እንግዲህ ዘሩ ከዚያ ተነሥቶ እስከ ጣና ዳር ድረስ ተሻግሮ ነበር ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ታሪክ ለማወቅ ማንም ዘር መያዝ አያስፈልገውም።

የሚበላውን በተመለከተ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። የተፈለፈለ የሄምፕ ፍሬ፣ ዱቄቱና የዘሩ ዘይት በምግብነት ችግር እንደሌለባቸው የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በዲሴምበር 2018 ተቀብሏል። የተፈለፈለ ፍሬ አይበቅልም፤ ግሮሰሪ ውስጥ ከተልባው ጎን ተደርድሮ ይሸጣል። ለጾም ፕሮቲን ለሚፈልግ ሰው ጥሩ ነው፤ እናቴ እኛ ጋ በከረመችበት ጊዜ ቁርሷ ላይ እየነሰነሰች ወደደችው። የምትወደውን ነገር ለሰው ሳታካፍል አይሆንላትም፤ ወደ አዲስ አበባ ስትመለስ ለእህቶቿ የሚሆን ትልቅ ከረጢት ገዝታ ሻንጣዋ ውስጥ ከታለች። በረራዋ በዱባይ በኩል ነበር። በዚያ አገር ዳቦ ላይ የሚነሰነስ የፖፒ ዘር እንኳ የተከለከለ ነው፤ ፓኬቱ ላይ የካናቢስ ቅጠል ሥዕል ያለበት ምግብ ይዛ፣ ቋንቋ በማትችልበት የፍተሻ ጠረጴዛ ፊት ቆማ ማየት አልፈለግኩም። «እማዬ፣ ይሄ እዚህ ምግብ ነው፤ መንገድ ላይ ግን ማንም አይሰማንም» አልኳት። አልተከራከረችኝም። ከረጢቱን አውጥተን በቦታው ለውዝ ከተትን፤ ፍሬውን ደግሞ እኔው ጾሙን ሙሉ በላሁት።